መካከለኛው ቁራጭ

ኢንታ ጥጡን የዘራው በመጀመሪያው ዝናብ ነበር፤ ከውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ባለችው ጠባብ መሬት ላይ፣ በአራት መደዳ። ሁለት ጊዜ አረመው። ለሦስተኛው ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቀጥ አለች። ሚስቱ ካምፔንግ ምሳ ልትጠራው ስትወርድ አረሙን በእጁ እንደጨበጠ አገኘችው።

አርባ ስድስት ዓመት አብረው ኖረዋል። አለቀሰች፣ ሬሳው እስኪቃጠል ቆማ ጠበቀች፣ ለቀስተኛው ሲበተን ደግሞ ወደ ጉድጓዱ ወርዳ የቀረውን መደዳ ራሷ አረመችው። ጥጡ ለምን እንደተዘራ ታውቃለችና።

በመንደራቸው በባን ሁዋይ ሂን፣ የክረምቱ ሱባዔ ሲያበቃ ለመነኮሳቱ የሚሰጠው ልብስ ከገበያ አይገዛም። ጥጡ ጎሕ ሲቀድ ከተክሉ ላይ ይለቀማል። በዚያው ቀን ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ ይፈተላል፣ ይሸመናል፣ ይሰፋል፣ ከዛፍ ግንድ ልብ ተቀቅሎ በሚወጣ ቢጫ ቀለም ይነከራል፤ በማግስቱ ፀሐይ ስትወጣ ደርቆና ታጥፎ መጠበቅ አለበት። ከአንድ ቀን ካለፈ ልብስ እንደሆነ ልብስ ነው፣ ያ የተባለው ልብስ ግን አይደለም። አምስት ቁራጭ ተጋጥሞ ነው የሚሰፋው። አምስት ሴቶች በገዳሙ ግቢ አምስት የሽመና ዕቃ ዘርግተው እያንዳንዳቸው ከጓሯቸው ባመጡት ጥጥ አንድ አንድ ቁራጭ ይሠራሉ። መካከለኛው ከሁሉም ሰፊ ነው፤ የሚሠራውም የሸማኔዎቹ አለቃ እጅ ብቻ ነው። ካምፔንግ ያንን ቁራጭ ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ዘንድሮ ደግሞ ልብሱን በመስጠት የምታገኘውን ትሩፋት ለኢንታ ልታስተላልፍለት በልቧ ተስላለች። በእጁ ከዘራው ጥጥ፣ በእሷ እጅ ተሠርቶ፣ በስሙ የሚሰጥ ልብስ። ከዚህ የበለጠ ለሙት የምታደርግለት ነገር አልታያትም።

አንድ ችግር ብቻ ነበረባት። ዓይኗን ጭጋግ እየያዘው ነው። ከጀመራት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ በመጀመሪያ የሩቁን ተራራ ወሰደባት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፣ አሁን ደግሞ በክንዷ ርቀት ላይ ያለው ክር ሁለት እየሆነ ያስቸግራት ጀምሯል። ድሩን የምታየው በጣቷ ነው ቢባል ይቀላል። ይህንን ለልጇ ለሴንግዳ እንኳ አልነገረችም። የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለቡዋፓን።

ቡዋፓንና ካምፔንግ ቤታቸው አጥር ለአጥር ነው። ቡዋፓን በሁለት ዓመት ስለምታንስ ከልጅነታቸው ጀምራ የምትጠራት “እታለም” እያለች ነው። አብረው መፍተል ተማሩ፣ በአንድ ወር ውስጥ አገቡ፣ የቦካ የሻይ ቅጠል ከአንድ ዕቃ እያነሱ ሲያኝኩ አረጁ። ቡዋፓን ምላሷ ስለታም ነው። ካምፔንግ በሸማዋ ስትመሰገን “እሱማ ባይሆን፣ በመልክሽ ብቻ ኢንታ እስካሁን ወንደላጤ ነበር” ትላታለች፤ ኢንታ ራሱ ይህንን ሲሰማ ከሁሉም በላይ ይስቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት ወንዙ ዳር ክር ሲያጥቡ ነው ካምፔንግ ስለ ዓይኗ ያወራቻት። ስትጨርስ እንዲህ አለቻት፦

“አንድ ነገር ልለምንሽ። ሸማዬ የተበላሸ ቀን ንገሪኝ። ሌላ ሰው ሳያየው አንቺ ንገሪኝ። ያን ቀን እኔው ራሴ ከዕቃው ላይ እነሳለሁ።”

“አንቺን ለመንቀፍ መቼ ፈቃድ ጠይቄ አውቃለሁ?” አለች ቡዋፓን።

“ቀልዱን ተይው።”

ቡዋፓን የያዘችውን ክር ጨምቃ ቅርጫቱ ውስጥ አኖረችው። “እነግርሻለሁ እታለም። እኔ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል?”

ካምፔንግ ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላሟን አገኘች። የራሷ ዓይን ቢከዳት የቡዋፓን ዓይን አለላት። የኢንታ መቶኛ ቀን ሲቃረብ ለገዳሙ የምትሰጠውን የትከሻ ነጠላ ሠርታ መጀመሪያ የወሰደችው ለእሷ ነበር። ቡዋፓን ነጠላውን ከዳር እስከ ዳር በእጇ አሳለፈችው። እንደ ድሮው ነው፣ ምንም እንከን የለበትም አለቻት። ካምፔንግም አመነች፤ ለምንስ አታምን።

የልብሱ ቀን ደረሰ። ጎሕ ሲቀድ ከበሮ ተመታ፤ ነጭ የለበሱ ልጃገረዶች ከየቤቱ በዘንቢል የመጣውን የጥጥ ተክል ከበው ይለቅሙ ጀመር። የኢንታን ጥጥ ግን ካምፔንግ ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ለቀመች፣ ራሷ ዳመጠች፣ ራሷ በደጋን ነደፈች። ስትፈትል እያንጎራጎረች ነበር። ከአራት ወር ወዲህ ድምፅዋን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ስለሆነ ሴቶቹ እርስ በእርሳቸው ተያዩ። ምን ብለው እንደተያዩ እሷ አላየችም።

ዕቃው ላይ ስትቀመጥ እጇ መንገዱን ያውቀዋል። መወርወሪያው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ሲሮጥ ጣቶቿ ጠርዙን እየዳበሱ ይከተሉታል። ሁለት ሴቶች ቀድመዋት ጨረሱ፣ ሁለቱን እሷ ቀደመቻቸው። የቤተ መቅደሱ ጥላ ግቢውን አቋርጦ አጥሩ ሥር ሲደርስ ቁራጯን ጨርሳ ወገቧን ይዛ ተነሣች።

በሌሎቹ ዓመታት የመጨረሻው ስፌት እስኪሰፋ አትንቀሳቀስም ነበር። ዘንድሮ ግን ቡዋፓን በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ አምጥታ አስያዘቻትና፣ ሐዘንተኛ ነሽ፣ ደክመሻል፣ ስፌቱንና ቀለሙን ለእኛ ተይልን፣ ገብተሽ እረፊ አለቻት። ሴንግዳም መጥታ ክንዷን ደግፋ ይዛ ወደ ቤት መራቻት። ካምፔንግ አልተከራከረችም። ልጇና ጓደኛዋ አንድ ላይ ሲሳሱላት ደስ ብሏት ነው የሄደችው። ሩዟን በልታ፣ ለኢንታ ፎቶ እጇን አጋጥማ እጅ ነስታ፣ እንደ ልጅ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ገዳሙ ሞላ። ዘንድሮ ከወረዳው አንድ ትልቅ ሰው መጥቷል፤ ካሜራ የተሸከመ ሰውም አብሮት አለ። ልብሱ ቢጫ ሆኖ፣ ታጥፎ፣ በናስ ትሪ ላይ ተቀምጦ ነበር። መካከለኛውን ቁራጭ የሠራችው ናትና ትሪውን ተሸክማ ለገዳሙ አለቃ ለአባ የምታቀርበው እንደ ወጉ ካምፔንግ ነች። ሰው ሁሉ እንዲካፈል ትሪው መጀመሪያ ከእጅ ወደ እጅ አለፈ፤ እያንዳንዱ ወደ ግንባሩ ከፍ አድርጎ ለቀጣዩ ሰጠ። በመጨረሻ እሷ ዘንድ ደረሰ። አንሥታ ቆመች፤ እንዳይንሸራተት አውራ ጣቷን እጥፉ ላይ አሳረፈች።

ጣቷ የነካው ጨርቅ የእሷ አልነበረም።

ካምፔንግ ክር ስትፈትል አጥብቃ ታከራለች፤ ሸማዋን ሲዳብሱት እንደ ሩዝ ፍሬ ጣት ላይ ይሻክራል። ይህ ግን ልስልስ ነው። በጥድፊያ የተፈተለ ሳይሆን ተረጋግቶ፣ ቀን ወስዶ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ የተሠራ ነው። ጣቷን ወደ ዳር አሳለፈች። የዳሩ ቁራጭ ሻካራ ነው፤ የትናንት ሥራ ነው፣ የማን እንደሆነም አወቀችው። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም እንደዚያው። አራቱም ባሉበት አሉ። የሌለው መካከለኛው ብቻ ነው።

ከእሷ እስከ አባ ሰባት እርምጃ ያህል ነበር። በእነዚያ ሰባት እርምጃዎች ውስጥ ትሪውን አስቀምጣ “ይሄ የኔ አይደለም” ማለት ትችል ነበር። ትሪውን እንደያዘች ሄደች። ሴት ለመነኩሴ በእጅ ስለማትሰጥ አባ በፊታቸው በዘረጉት ጨርቅ ላይ ትሪውን አኖረች፣ ሦስት ጊዜ ሰገደች፣ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ቡዋፓን አጠገቧ ነበረች። ዓይኗን ከምንጣፉ ላይ አላነሳችም።

መነኮሳቱ ዜማውን ሲጀምሩ ሰው ሁሉ ትንሽ ማንቆርቆሪያውን አንሥቶ፣ ትሩፋቱ ለየሙቱ እንዲደርስ ውሃ በቀጭኑ ማፍሰስ ጀመረ። ካምፔንግም ለዚሁ ያመጣችውን አነሳች። ማፍሰስ ግን አልሆነላትም። ኢንታ ያለበት ምን አለና ነው የምታፈስለት? ዜማው አለቀ። ማንቆርቆሪያዋን እንደሞላ ይዛ ወጣች፤ እንደሞላም ቤቷ ገባች።

ሴንግዳ ወጥ ቤት በርበሬ እየወቀጠች ነበር።

“የኔ የት አለ?” አለቻት ካምፔንግ።

የሙቀጫው ድምፅ ቆመ። ሴንግዳ “የቱ?” ብላ አልጠየቀችም። እጇን ታጥባ ወደ ክፍሏ ገባችና ከልብሶቿ ሥር አውጥታ አመጣችላት። ነጭ ነበር፤ ቀለም አልነካውም።

“ማን ማን ያውቃል?”

ሴንግዳ ሸማውን አቀበለቻት። “ሁሉም” አለች።

ከዚያ ቀስ በቀስ ወጣ። ከወረዳው እንግዳ እንደሚመጣና እንደሚቀረጽ ሲሰማ፣ የመንደሩ ሹም ሴቶቹን ሰብስቦ ልብሱ ነውር እንዳይገኝበት ብሎ ነበር። ያን ጊዜ ቡዋፓን የካምፔንግ ዓይን እየሄደ መሆኑን ተናገረች። የመቶኛውን ቀን ነጠላ አይታው ነበርና መሐል ለመሐል የሳሳ ነው አለች። መካከለኛውን ቁራጭ እኔ ቀደም ብዬ እሠራዋለሁ፣ እሷ ግን እንዳትሰማ፣ ትሠራበት፣ ይውጣላት ብላ ያስማማቻቸው እሷ ነች። ሴንግዳ ይህንን ስትናገር እያለቀሰች ነበር።

“አንቺስ?”

“ቀለሙን የነከርኩት እኔ ነኝ እማዬ።”

ካምፔንግ ሸማውን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ስንዝር በስንዝር ዳበሰችው። አንደኛው ጫፍ ላይ፣ ጠርዙ አጠገብ፣ ማጉ ድሩን የዘለለባቸው ሁለት ቦታዎች አገኘች። የቀረው ጥብቅ ነው። ሁለቱም በመርፌ የሚጠገኑ ናቸው፤ ውሃ ተጠጥቶ ብርጭቆ እስኪቀመጥ የሚፈጅ ሥራ።

“ይህንን አይታችሁ ነው?”

“አልዘረጋነውም” አለች ሴንግዳ። “ማንም አልዘረጋውም። ከዕቃው እንደወረደ አጥፈን አስቀመጥነው።”

ካምፔንግ ሸማውን መልሳ አጠፈችው።

በማግስቱ ጠዋት በአጥሩ ክፍተት ወደ ቡዋፓን ግቢ ገባች። ቡዋፓን ከመሰላሉ ሥር ተቀምጣ የሻይ ቅጠል ትጠቀልል ነበር። ተነሥታ ምንጣፉን አራገፈችላት፤ ካምፔንግ አልተቀመጠችም።

“በስንት ቀን ሠራሽው?”

ቡዋፓን መካድ እንደማያዋጣ ገባት። “በአሥራ አንድ።”

“የአንድ ቀን ልብስ ነው ተብሎ ነው ለአባ የተሰጠው።”

“አውቃለሁ።”

“ንገሪኝ ብዬሽ ነበር።”

“እንዴት አድርጌ ልንገርሽ እታለም? ባልሽ ከሞተ ገና አራት ወሩ ነው። ስትፈትዪ እያንጎራጎርሽ ነበር። ያን እያየሁ ውረጂ ልበልሽ? ባልሽን ማጣትሽ አይበቃም?”

“ያንጎራጎርኩት ከትናንት ወዲያ ነው” አለች ካምፔንግ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። “አንቺ የጀመርሽው ከዚያ በፊት ነው። ጥጡ ገና ተክሉ ላይ ነበር ቡዋፓን። ያልተፈተለ ክር፣ ያልተሠራ ሸማ ነው የጣልሽብኝ። ነጠላውን ይዤልሽ ስመጣ እንደ ድሮው ነው አልሽኝ፤ ከዚህ ወጥተሽ ለሹሙ ሳስቷል አልሽው። ለመንደሩ ሁሉ ለመንገር አፍ ነበረሽ። ያጣሽው ለእኔ ነው።”

“እንዳታፍሪ ብዬ ነው” አለች ቡዋፓን።

“አራቱ ከነሻካራቸው ተሰፍተዋል። ኢንታ ብቻ ነው የወጣው።”

ይህንን ብላ በመጣችበት ክፍተት ተመለሰች። ከሰዓት በኋላ ክፍተቱን በቀርከሃ ስትዘጋው ሴንግዳ አየቻት፤ ልርዳሽም አላለቻት።

በቀጣዩ የጸሎት ቀን፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ ካምፔንግ ሸማዋን በጨርቅ ጠቅልላ አባ ፊት ቀረበችና የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው። አባ ነገሩን እስከዚያ ቀን አልሰሙም ነበር። ልብሱን የተቀበልነው የተነገረንን አምነን ነው አሉ፤ ለአንድ ገዳም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚሰጥ ሌላ መቀበል አይቻልም። ከዚያም ጠየቋት፦

“በሕዝቡ ፊት እንድናገረው ይፈልጋሉ እናቴ?”

“አንድ ቀን ይስጡኝ አባ” አለቻቸው።

ቀኑን ሙሉ አሰበችበት። ሲነገር የሁሉንም ፊት በሐሳቧ አየችው፤ የሹሙን፣ የሴንግዳን፣ የቡዋፓንን። ደስ የሚላት መስሏት ነበር፤ አላላትም። ከዚያ በኋላ የኢንታ ስም በተነሣ ቁጥር የሚነሣው የጭቅጭቁ ወሬ ይሆናል። ተመልሳ ሄዳ አይናገሩት አለቻቸው። ያን ጊዜ አባ፣ ባለቤት እንደሌለው ሆኖ በጫካ ቅርንጫፍ ላይ የተተወ ጨርቅ ካለ መነኩሴ አንሥቶ ሊለብሰው እንደሚፈቀድለት አስታወሷት፤ ከጥንት የነበረ ወግ ነው።

ሁለቱን ቀዳዳ በመርፌ ጠገነቻቸው። ቀለሙን ራሷ አፍልታ ራሷ ነከረችው። ከሦስት ቀን በኋላ ጠዋት፣ መነኮሳቱ ሩዝ ለመለመን ወደ መንደሩ በሚወርዱበት መንገድ፣ ከአንድ ዝቅተኛ ቅርንጫፍ ላይ ሰቅላው ራቅ ብላ ተንበረከከች። መነኮሳቱ በባዶ እግራቸው ተከታትለው መጡ። በመጨረሻ የመጣው ቆመ፣ ባለቤት የሌለው ጨርቅ መሆኑን የሚገልጸውን ቃል በለሆሳስ ደገመ፣ ከቅርንጫፉ አውርዶ በክንዱ ላይ አጠፈው። ወጣት ይሁን ሽማግሌ አልለየችውም። ሲርቁ ማንቆርቆሪያዋን አውጥታ ውሃውን በዛፉ ሥር በቀጭኑ አፈሰሰች፣ ኢንታንም በስሙ ጠራችው።

ይህ ለኢንታ የሚሆነውን አደረገ። ለእሷ የሚሆን ግን አልነበረም። ጸሎት ቤት ስትገባ ምንጣፏን ከቡዋፓን አጠገብ አንሥታ ከማትቀርባቸው ምዕመናን ጎን፣ በሩ አጠገብ ማንጠፍ ጀመረች። ሰው ሲያመሰግናት “እውነቱን ነው?” ብላ ታስባለች፤ የወጡን ጨው እንኳ ሴንግዳ ልክ ነው ስትላት መልሳ ትቀምሰዋለች። ጥርጣሬው ከሸማ አልፎ በሁሉም ነገር ላይ እንደ ሻጋታ ተዛመተባት። ከልጅነቷ ጀምሮ ቡዋፓን ጥሩ ነው ያለቻትን ነገር አንድ በአንድ እያነሳች፣ ከመካከሉ የትኛው እውነት እንደነበረ ትመረምራለች። ከሁሉም የከፋው ይህ ነበር።

በሚያዝያ የአገሩ አዲስ ዓመት ገባ። በዚያ ሰሞን ታናሽ ሁሉ አበባና ጥሩ ሽታ ያለው ፍሬ የተዘፈዘፈበት ውሃ ይዞ ወደ ታላቁ ይሄዳል፤ በእጁ ላይ አፍስሶ የዓመቱን በደል ይቅርታ ይጠይቃል፣ ታላቁም ይመርቃል። ሴንግዳ ገና በጠዋቱ አፈሰሰችላት። ካምፔንግ ራሷን ይዛ መረቀቻት፤ ሁለቱም አለቀሱ። ቀኑን ሙሉ ጎረቤት ሲመጣ ሲሄድ ዋለ፤ ሸማኔዎቹም መጡ፣ ሹሙም መጣ። ሁሉንም መረቀች።

ቡዋፓን የመጣችው ሰው ካለቀ በኋላ ነው፣ በመንገዱ በኩል ዞራ። ከምንጣፉ ጫፍ ላይ ተንበርክካ የብሩን ጎድጓዳ ሳህን በሁለት እጇ አነሳችና የተለመደውን ቃል ተናገረች፦

“በእጄም፣ በአፌም፣ በሐሳቤም፣ አውቄም ይሁን ሳላውቅ የበደልኩሽን ሁሉ ይቅር በይኝ እታለም።”

ካምፔንግ እጇን ከጉልበቷ ላይ አላነሳችም።

“ሳላውቅ የሚለውን ተይው” አለቻት።

ውጭ ልጆች በመንገዱ ላይ ውሃ ሲረጫጩ ይሰማል። ቡዋፓን ሳህኑን ወደ ጭኗ ዝቅ አደረገችው። ልትስቅ ያለች መሰለች፤ ከዚያ ሳህኑን መልሳ በሁለት እጇ አነሳችው።

“በእጄም፣ በአፌም፣ በሐሳቤም” አለች እንደገና፣ ቃል በቃል፣ “አውቄ የበደልኩሽን ይቅር በይኝ።”

ካምፔንግ እጆቿን ዘረጋች። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። በእጇ የቀረውን ጠብታ በቡዋፓን ሽበት ላይ አስነክታ ወጉ እንደሚለው መረቀቻት፤ ዕድሜ፣ መልክ፣ ደስታ፣ ጉልበት። አንዱንም አላጎደለችባትም። ቡዋፓን ከዚያ በኋላ ትንሽ ተቀመጠች፤ ከሻይ ቅጠሉ አንሺ እስክትባል እንደምትጠብቅ ያስታውቅ ነበር። አልተባለችም። ሳህኗን ይዛ ተነሥታ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች።

ሴንግዳ ከወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። “ይቅር አልሻት እማዬ?” አለቻት ፎጣ እያቀበለች።

“መረቅኳት” አለች ካምፔንግ።

ሴንግዳ የቀረውን ስትጠብቅ ቆመች። እናቷ እጇን አደራርቃ ፎጣውን መለሰችላትና ሩዙን እንድታወጣ ነገረቻት።